ቢኤኢ 146ን በሲሙሌተር ማውረድና ማሳረፍ

ቦይንግ 737 ወይም ኤርባስ የለመደ ሰው ቢኤኢ 146 ላይ መጀመሪያ የሚቸገረው ወደ ታች ሲወርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ይህ ባለ አራት ሞተር ጄት ለአጭር በረራና ለአጭር መንደርደሪያ የተሠራ ነው። የሞተሩን ኃይል ራሱ የሚያስተካክል አውቶትሮትል የለውም፤ ካረፈ በኋላ የሞተሩን ግፊት ወደ ፊት መልሶ የሚያቆም ሪቨርስም የለውም። አውቶፓይለቱም የመውረጃውን መንገድ ራሱ አስልቶ አይከተልም። ስለዚህ ስሌቱን ቀድማችሁ ጨርሱ።

የምትወርዱትን ከፍታ በሺህ ጫማ ወስዳችሁ በ3 አባዙ፤ ፍጥነት ለመቀነሻ 10 ኖቲካል ማይል ጨምሩበት። ከ24,000 ወደ 2,000 ጫማ ከሆነ 22 በ3 ሲባዛ 66፣ ከ10 ጋር 76 ማይል ይሆናል። ንፋሱ ከኋላ ከሆነ ጥቂት ማይል ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። በደቂቃ ስንት ጫማ እንደምትወርዱ ለማወቅ ከመሬት አንጻር ያለውን ፍጥነት በኖት (በሰዓት ኖቲካል ማይል) ወስዳችሁ በ5 አባዙ፤ በ360 ኖት 1,800 ጫማ ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ ቁጥሩን አብራችሁ ካልቀነሳችሁ ከመንገዱ በታች ትገባላችሁ።

ከፍ ካላችሁ ወይም ከፈጠናችሁ ጅራቱ ላይ ለሁለት የሚከፈተውን ኤርብሬክ (የአየር ፍሬን) ተጠቀሙ። ክንፉን ስለማይነካ አውሮፕላኑን እምብዛም አያናውጥም፤ ከማንኛውም የፍላፕ (ክንፉ ኋላ ላይ የሚዘረጋው ክፍል) ደረጃ ጋርም ይሄዳል። መጨረሻው አቀራረብ ላይ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ መቆየቱ ትክክል ነው። የሚፈጥረው ጎታች ኃይል ሞተሮቹን ከፍ ባለ ዙር ያቆያቸዋል፤ ማረፉን ትታችሁ ለመነሣት ስትፈልጉ ኤርብሬኩን ዘግታችሁ ትሮትሉን ስትገፉ ኃይሉ ቶሎ ይመጣል።

የፍላፕ ደረጃዎቹ 18፣ 24፣ 30 እና 33 ናቸው። ለእያንዳንዱ የተፈቀደውን ፍጥነት ከኮክፒቱ ሰሌዳ ላይ አንብቡ። ፍላፑ ሲንቀሳቀስ የሚሰማው ረጅም ጩኸት ብልሽት አይደለም፤ የዚህ አውሮፕላን መታወቂያ ነው። 1,000 ጫማ ላይ ስትደርሱ ጎማው ወርዶ፣ ፍላፑ 33 ላይ ሆኖ፣ ፍጥነቱ መርጋት አለበት።

ብዙ ሰው መንደርደሪያውን አልፎ የሚወጣው ክንፉ ላይ ተነሥቶ የማንሳት ኃይሉን በሚያጠፋው ስፖይለር ምክንያት ነው። እዚህ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ራሱ የሚከፈት ስፖይለር የለም። ጎማው መሬት እንደነካ የኤርብሬኩን እጀታ ወደ ኋላ ጎትታችሁ እስከ ስፖይለሩ ቦታ ድረስ ማድረስ የእናንተ ሥራ ነው። ከዘገያችሁ ክንፉ ክብደቱን ተሸክሞ ይቆያል፤ ጎማው በደንብ ስለማይጫን ፍሬኑ አይይዝም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በሲሙሌተሩ ውስጥ ያለው የእጀታው ቅንብር ነው፤ የመቆጣጠሪያችሁ ዘንግ መጨረሻው ቦታ ላይ አይደርስም። ከመብረራችሁ በፊት ሃይድሮሊክ ግፊት ኖሮ እጀታውን ሙሉ በሙሉ ሳቡና ከውጭ ተመልከቱ፤ በየክንፉ ሦስት ሦስት ስፖይለር መነሣት አለበት። ካልተነሣ ለብቻው ቁልፍ መድቡለት።

ፍጥነቱንም አትለፉ። ከ120 ይልቅ በ130 ኖት ብታርፉ ፍሬኑ የሚያጠፋው ጉልበት በ17 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የሚያግዘው ሪቨርስ ደግሞ የለም። ከቆማችሁ በኋላ የፍሬን ማቀዝቀዣውን አብሩ፤ ሙቀቱ ሳይወርድ ለቀጣዩ በረራ አትነሡ።