የባክቴሪያን ዋና በስሌት እንዴት እንከታተላለን?

የኢ. ኮላይ ባክቴሪያን ዋና ለማስላት በመጀመሪያ የሬይኖልድስን ቁጥር (ኢነርሺያ፣ ማለትም የፍጥነት ለውጥን የመቋቋም ባሕርይ፣ ከፈሳሹ ዝልግልግነት አንጻር ምን ያህል እንደሚያይል የሚያሳየውን ቁጥር) ይፈልጉ፤ ይኸውም የፍጥነቱ፣ የአካሉ ርዝመትና የፈሳሹ እፍግታ ብዜት ለፈሳሹ ዝልግልግነት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ባክቴሪያው 2 ማይክሮሜትር ቢረዝምና በሰከንድ 30 ማይክሮሜትር ቢዋኝ፣ በውኃ ውስጥ ውጤቱ 0.00006 ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ ከ1 እጅግ ስለሚያንስ የፈሳሽን እንቅስቃሴ ከሚገልጸው የናቪየር-ስቶክስ እኩልታ የኢነርሺያውን ክፍል ሰርዘው በሚቀረው፣ የስቶክስ እኩልታ በሚባለው፣ ይሥሩ።

ይህ ስረዛ ቀላል ቢመስልም መዘዙ ብዙ ነው። በቀሪው እኩልታ ጊዜ ራሱን ችሎ ስለማይገኝ፣ ዋናተኛው እንቅስቃሴውን ቢያፈጥንም ቢያዘገይም በአንድ ዙር የሚጓዘው ርቀት አይለወጥም፤ ስለዚህም እንደ መቀስ ተከፍቶ በዚያው መንገድ የሚዘጋ አካል፣ የፊዚክስ ሊቁ ኤድዋርድ ፐርሴል እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳስረዳው፣ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በእኔ ግምት የዘርፉ እጅግ ማራኪ ውጤት ይህ ነው።

ለልምምድ የፊዚክስ ሊቁን የጄፍሪ ቴይለርን የ1951 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ይውሰዱ። በስስ ገጽ ላይ ሞገድ ሲያልፍ፣ የሞገዱን ከፍታ (ከመካከለኛው መስመር እስከ ጫፉ) ለሞገዱ ርዝመት አካፍለው በ2π ያባዙ፤ የውጤቱን ካሬ ግማሽ በሞገዱ ፍጥነት ሲያባዙ የመዋኛውን ፍጥነት ያገኛሉ። ከፍታው የርዝመቱ 1/20 ከሆነ፣ ገጹ በሞገዱ ፍጥነት 5 በመቶ ያህል ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይዋኛል። ቀመሩ የሚሠራው ግን ከፍታው አነስተኛ ሲሆን ብቻ ነው።

ለእውነተኛው ጠምዛዛ ጭራ፣ ጭራውን በትናንሽ ዘንጎች ይከፋፍሉ፤ ዘንግ በጎኑ ሲገፋ የሚገጥመው መጎተት በርዝመቱ ሲንሸራተት ከሚገጥመው ወደ እጥፍ ይጠጋል። በመጨረሻም በጭራውና በአካሉ ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ኃይልም ጠቅላላ የማሽከርከር ጉልበትም ዜሮ እንዲሆን አድርገው ፍጥነቱን ይፍቱ።