የምድር ዛቢያ ሲንገዳገድ ከሱሉልታ ሜዳ ላይ እንዴት ይታያል?

ምድር በዛቢያዋ ላይ በቀን አንዴ እንደምትሽከረከር ሁላችንም ተምረናል። ዛቢያው ራሱ እየተንገዳገደ እንደሚዞር ግን ብዙም አይነገረንም። አንድ ዙር ለመጨረስ 26,000 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ነገሩን ለመረዳት አንድ ጥርት ያለ ምሽት፣ የራሳችሁ እጅና አንድ ቆርኪ ይበቃሉ።

1. ቦታ ምረጡ

ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ ወይም ወደ ጫንጮ ወጣ በሉ። የምንፈልገው ሰሜኑን ስለሆነ የከተማው መብራት ከኋላችሁ ይቀራል። ኅዳር ላይ፣ ማታ 3 ሰዓት ገደማ ጥሩ ነው። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ግን በሌሊት ብቻችሁን አትግቡ፤ ጅብ አለ። የዘመድ ግቢ ይሻላል። ጋቢ ያዙ። ከፊታችሁ ባሕር ዛፍ አለመኖሩን አረጋግጡ፤ ኮከቡ ዝቅ ያለ ስለሆነ ይጋርደዋል።

2. የሰሜን ኮከብን አግኙ

ወደ ሰሜን ዙሩና ቀና በሉ። የተገለበጠ «ሠ» የሚመስሉ አምስት ኮከቦች ታያላችሁ። ካሲዮፒያ ናት፤ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንግሥት ስለሆነች እንግዳ አይደለችም። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ እጃችሁን ጨብጡ። ከ«ሠ» መካከለኛ እግር ወደ ታች ሦስት ጭብጥ ያህል ውረዱ። እዚያ ብቻውን ያለው የሰሜን ኮከብ ነው፤ የምድር ዛቢያ ዛሬ ወደ እሱ አቅራቢያ ይጠቁማል። በጣም ደማቅ ነው ብላችሁ እንዳትጠብቁ።

ከአድማስ እስከ ኮከቡ ደግሞ አንድ ጭብጥ ያህል ነው፤ ይህም 10 ዲግሪ ግድም ማለት ነው። የኮከቡ ከፍታ ከምድር ወገብ ካለን ርቀት ጋር ይመሳሰላል፤ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ በሰሜን ስለሆነች ልኩ ይገጥማል።

3. በትንሿ ጣት ለኩ

የተዘረጋ ክንድ ጫፍ ላይ ያለች ትንሿ ጣት 1 ዲግሪ ያህል ትሸፍናለች። ዛቢያው የሚጠቁመው ነጥብ ይህችን ስፋት ለመሄድ 180 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ለዚህ ነው በአንድ ሰው ዕድሜ የማናስተውለው። ዛሬ ነጥቡ ከሰሜን ኮከብ ከግማሽ ጣት ትንሽ ይርቃል። በፈረንጆቹ 2100 አካባቢ በጣም ይጠጋዋል፤ ከዚያ ይሸሻል። የግብፅ ፒራሚዶች ሲገነቡ የሰሜን ኮከብ የነበረው ቱባን ነው። ከ12,000 ዓመት በኋላ ተራው የቬጋ ነው።

4. ቆርኪ አሽከርክሩ

ቆርኪ መሃሉን በሚስማር ብሱና ስቴኪኒ ሰኩበት። ልሙጥ ጠረጴዛ ላይ አሽከርክሩት። ፍጥነቱ ሲቀንስ የስቴኪኒው ጫፍ ክብ መሥራት ይጀምራል። ያ ነው ነገሩ። ቆርኪው የሚንገዳገደው የምድር ስበት ሊጥለው ስለሚጎትተው ነው። ምድርን ደግሞ ፀሐይና ጨረቃ ይጎትቷታል። ወገቧ ላይ አበጥ ያለች ናት፤ እዚያ ያለው ስፋቷ ከዋልታ እስከ ዋልታ ካለው በ43 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስበቱ ያንን እብጠት ይዞ ዛቢያዋን ሊያቀና ይሞክራል፤ እሷ ግን በመሽከርከር ላይ ስለሆነች ከመቅናት ይልቅ ዛቢያዋ ይዞራል። አንድ ልዩነት አለ፦ ቆርኪው በሚሽከረከርበት አቅጣጫ ሲንገዳገድ፣ የምድር ዛቢያ ግን በተቃራኒው ይዞራል።

5. ውጤቱን ፈልጉ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዘመን ግሪካዊው ሂፓርከስ ይህን የደረሰበት የጥንት የኮከብ መዝገብ ከራሱ ልኬት ጋር አስተያይቶ ነው። በእሱ ዘመን መጋቢት ላይ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ ፀሐይ ሐመል በሚባሉት ኮከቦች መካከል ትታይ ነበር፤ ዛሬ ሑት በሚባሉት ነው። ስለዚህ በልደት ቀናችሁ «ሐመል ነኝ» የምትሉ፣ አብዛኞቻችሁ ስትወለዱ ፀሐይ ሑት ላይ ነበረች። በስምና በእናት ስም ፊደል የሚቆጠረው የዐውደ ነገሥቱ ኮከብ ግን ፀሐይን ስለማይጠይቅ አይነካም።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ዝናቡ ነው። ዛቢያው ሲንገዳገድ ምድር ለፀሐይ የምትቀርብበት ወቅትም ይቀያየራል። ዛሬ ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው ገና ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ከ11,000 ዓመት በፊት ገደማ ግን የምትቀርበው በእኛ ክረምት ነበር። የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በእነዚያ ወራት ይበልጥ ስለሞቀ ዝናቡ በረታ፤ ሰሃራም ሳርና ሐይቅ አበቀለ። በእኛም ስምጥ ሸለቆ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢያታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ሆነው ወደ አዋሽ ይፈስሱ ነበር። ወደ ሐዋሳ ስትወርዱ ባቱን አልፋችሁ ላንጋኖ እስክትደርሱ ያለው ሜዳ የዚያ ሐይቅ ወለል ነው።