ልጅዎ ወይም ባለቤትዎ በባሕር ጥበቃ ሚሉኢም ላይ ሳሉ ወረቀቱን እንዴት እንደሚይዙ

የእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻ 200 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በኤላት በኩል ያለው ደግሞ ከ10 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ይህን አጭር ዳርቻ ከሃይፋ፣ ከአሽዶድና ከኤላት የሚነሡ ፈጣን የጥበቃ ጀልባዎች ቀንና ሌሊት ይቃኙታል። የታማርና የሌቪያታን የጋዝ ማውጫዎች ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ግን የሚጠበቀው ውኃ እጅግ ሰፍቷል። በጀርመን አገር በኪል ከተማ የተሠሩት አራቱ የሳዓር 6 መርከቦችም በዋነኛነት የታዘዙት ለዚሁ ሲሆን፣ የመጀመሪያዋ ሃይፋ የደረሰችው በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2020 ነው። ሕዝቧ ጥቂት የሆነ አገር ይህን ሁሉ በመደበኛ ሠራዊት ብቻ መሸፈን ስለማትችል፣ ችግር በተነሣ ቁጥር ከሥራቸውና ከትምህርታቸው በሚጠሩት ተጠባባቂዎች ትመካለች። ሚሉኢም የሚባለውን የእነርሱን አገልግሎትም በ2008 የወጣው የተጠባባቂ አገልግሎት ሕግ ይመራዋል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለተጠባባቂው ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ ይበልጥ እቤት ለሚቀረው ሰው ነው። በየብስ የሚያገለግል ሰው ከጥበቃ ሲመለስ ስልኩን ከፍቶ ከደመወዝ ክፍል ጋር መነጋገር ይችል ይሆናል፤ በጀልባ ላይ ያለው ግን ለረጅም ሰዓት አይገኝም። በብዙ ቤታችን በዕብራይስጥ የተጻፈ ደብዳቤ ሲመጣ «ልጁ ሲመለስ ያነበዋል» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። በሚሉኢም ጉዳይ ይህ ልማድ ገንዘብ ያስቀራል።

መጀመሪያ የመጣው የጥሪ ወረቀት የትኛው እንደሆነ ይለዩ። መደበኛ ጥሪ አስቀድሞ የሚላክ ሲሆን፣ ከፈተና፣ ከሠርግ ወይም ከከባድ የቤተሰብ ችግር ጋር ከተጋጨ ቫልታም ለሚባለው ኮሚቴ የማራዘሚያ ወይም የማሳጠሪያ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል። ጥያቄው ቀኑ ሳይደርስ፣ ማስረጃ ተያይዞ መግባት አለበት፤ መልስ እስኪመጣም ጥሪው እንደጸና ይቆያል። ጻቭ ሽሞኔ ግን የአስቸኳይ ጊዜ ጥሪ ነው፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ለመድረስ ነው፣ ችግር ካለም ለክፍሉ አገናኝ መኮንን በቀጥታ ይነገራል።

ሰውየው ከመሄዱ በፊት ግማሽ ሰዓት ወስዳችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። ለአሠሪው የጥሪውን ወረቀት በጽሑፍ መልእክት ይላክ፣ በቃል ብቻ አይነገር። የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ትሉሾች (የደመወዝ መግለጫ ወረቀቶች) ቅጂ እቤት ይቅር። በሠራዊቱ የተጠባባቂዎች ድረ ገጽ ላይ የተመዘገበው የባንክ ሒሳብ አሁን የሚጠቀምበት መሆኑ ይረጋገጥ፤ ሠራዊቱ ራሱ የሚከፍላቸው ዓመታዊ ክፍያዎች በዚያ ሒሳብ ስለሚገቡ፣ ከዓመታት በፊት የተዘጋ ሒሳብ ተመዝግቦ ከቆየ ክፍያው ይጓተታል።

ከሁሉ ወረቀት የሚበልጠው ቅጽ 3010 ነው። ይህ ቅጽ አገልግሎቱ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደነበረ ሠራዊቱ የሚያረጋግጥበት ሲሆን፣ አሠሪውም ሆነ የብሔራዊ መድን ተቋሙ ቢቱዋህ ሌኡሚ የሚሠሩት በእርሱ ላይ ብቻ ነው። አንድ ቀን ከጎደለበት አንድ ቀን ሳይከፈል ይቀራል፤ ጉዳዩን የሚሠራው ጸሐፊ ልጅዎ በባሕር ላይ እንደነበር በቃል ቢነገረው ምንም ማድረግ አይችልም። ስለዚህ እቤት ያለው ሰው በግድግዳ ካሌንደር ላይ የሄደበትን፣ ለዕረፍት የመጣበትንና የተመለሰበትን ቀን ይጻፍ። በተለይ አገልግሎቱ ተቆራርጦ ከሆነ፣ ማለትም ተፈትቶ ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና ከተጠራ፣ ለየጊዜው የተለያየ ቅጽ ሊኖር ስለሚችል ሁሉንም ከካሌንደሩ ጋር ያስተያዩ። ልዩነት ካገኙ ማስተካከል የሚችለው የክፍሉ አገናኝ ቢሮ እንጂ አሠሪውም ቢቱዋህ ሌኡሚም አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚደክመው የማይመለከተውን በር ሲያንኳኳ ነው።

ክፍያው እንዴት እንደሚሰላ ማወቅ ትሉሹን ለመፈተሽ ይረዳል። ለተቀጣሪ፣ አገልግሎቱ ከጀመረበት ወር በፊት የነበሩት የሦስት ወራት ያልተጣራ ደመወዝ ተደምሮ ለ90 ይካፈላል። ለምሳሌ በወር 12,000 ሸቀል የሚያገኝ ሰው የሦስት ወር ድምሩ 36,000 ስለሚሆን የቀኑ ክፍያ 400 ሸቀል ነው፤ 20 ቀን ቢያገለግል 8,000 ሸቀል ይሆናል። ማካፈያው 90 የሆነው ሰንበትም ስለሚቆጠር ነው። ከሰባት ቀን ላነሰ አጭር አገልግሎት ደግሞ በመርሕ ደረጃ 40 በመቶ ይጨመራል፤ አምስት ቀን ያገለገለ የሰባት ቀን ያገኛል ማለት ነው። ሥራ የሌለው ወይም ዝቅተኛ ደመወዝ ያለው ሰው በሕግ የተወሰነው ዝቅተኛ የቀን ክፍያ ስላለ ባዶ እጁን አይቀርም።

ተቀጣሪው ገንዘቡን ከቢቱዋህ ሌኡሚ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። አሠሪው በተለመደው የደመወዝ ቀን ከፍሎ ራሱ ከቢቱዋህ ሌኡሚ ያስመልሳል። «ገና አልመጣልንም» የሚለው መልስ የተለመደ ነው፣ ትክክለኛ ግን አይደለም። በሰዓት የሚሠራ፣ በተለይም ተጨማሪ ሰዓት ይሠራ የነበረ ሰው፣ ከቢቱዋህ ሌኡሚ የተላከው አሠሪው ከከፈለው በልጦ ቢገኝ ልዩነቱ የሠራተኛው ነው፤ ይህን ትሉሹ ላይ ፈልጉት። የሚሉኢም ቀናት ከዓመት ዕረፍት ላይ መቀነሳቸውም ሕገ ወጥ ነው፣ በትሉሹ ግርጌ የዕረፍት ቀሪውን ተመልከቱ። የክፍያ ጥያቄ የሚቀርብበት ጊዜ አገልግሎቱ ካበቃ በኋላ 12 ወር ነው።

የግል ሥራ ያለው ሰው ጥያቄውን የሚያቀርበው ራሱ ለቢቱዋህ ሌኡሚ ሲሆን፣ ስሌቱ መነሻ የሚያደርገው የመድን ክፍያ የሚከፍልበትን ገቢ ነው። ገቢው አድጎ ሳለ የድሮውን ትንሽ መጠን ሳያሳድስ የቆየ ሰው ክፍያውም ትንሽ ሆኖ ይመጣል።

ስለ ሥራ ዋስትና በ1949 የወጣው የተሰናባች ወታደሮች ወደ ሥራ የመመለስ ሕግ ዛሬም ይሠራል። አሠሪ ሠራተኛውን በሚሉኢም ምክንያት ሊያሰናብት አይችልም። አገልግሎቱ ከተከታታይ ሁለት ቀን በላይ ከሆነም፣ በአገልግሎቱ ጊዜና ካበቃ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ፣ ምክንያቱ ሌላ ቢሆን እንኳ፣ ያለ ሥራ ጉዳዮች ኮሚቴ ፈቃድ ማሰናበት ክልክል ነው። ኮሚቴው የሚገኘው በመከላከያ ሚኒስቴር ሥር ነው። የስንብት ደብዳቤ ወይም ከስንብት በፊት ሠራተኛው ቃሉን እንዲሰጥ የሚጠራበት ደብዳቤ ሰውየው በባሕር ላይ ሳለ እቤት ከደረሰ፣ በስሙ ምንም አትፈርሙ፤ የደረሰበትን ቀን ጽፋችሁ ፎቶ አንሡና ሚሉኢም ላይ መሆኑን በጽሑፍ ለአሠሪው መልሱ።

ተማሪ ከሆነ በየተቋሙ ላለው የሚሉኢም አስተባባሪ ይጻፍ። ያመለጠው ፈተና ሌላ ቀን ይሰጠዋል፤ በትምህርት ዓመቱ ቢያንስ 14 ቀን ካገለገለም 2 የአካዳሚ ነጥብ ይገባዋል።

የቀረው ጤና ነው። ፈጣን ጀልባ በማዕበል ላይ ሲዘል ወገብንና ጉልበትን ይመታል፣ የሞተርና የተኩስ ድምፅ ጆሮን ይጎዳል፤ ወጣቶች ግን «ያልፋል» ብለው ዕቃቸውን አስረክበው ይወጣሉ። ጉዳቱ ትንሽ ቢመስልም ከመሰናበቱ በፊት ለክፍሉ ሐኪም ነግሮ ቀኑና ሁኔታው ይመዝገብ፣ ቅጂውም እቤት ባለው ፋይል ይቀመጥ። ወደፊት ለመከላከያ ሚኒስቴር የማገገሚያ ክፍል ጥያቄ ማቅረብ ቢያስፈልግ፣ በመደበኛው ሕግ ጊዜው ከስንብት በኋላ ሦስት ዓመት ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማስረጃም በአገልግሎት ላይ ሳለ የተጻፈው ነው።