ከቆጠራ የቀረውን ጉድጓድ እንዴት እንዳስመለስን

በ2014 ዓ.ም. የአባባ ማሳ ለመንገድ ሥራ ተፈለገ። የካሳው ወረቀት ሲደርሰን የውኃ ጉድጓዱና 40 የባሕር ዛፍ አልተቆጠሩም። አባባ "እንግዲህ ምን ይደረጋል?" አሉ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ላባቸውን ያፈሰሱበት ንብረት ግን የሳቸው ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ይከፈል ይላል።

መሬት ስለማስለቀቅና ስለ ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ያኔ ለአቤቱታ የሚሰጠው 30 ቀን ነበር። ስለዚህ ቶሎ በጽሑፍ አመለከትን። የይዞታ ደብተሩን ኮፒ፣ የጉድጓዱን ፎቶና የጎረቤቶችን ምስክርነት አያያዝን። በእጃችን በቀረው ኮፒ ላይ ማመልከቻው መግባቱን የሚያሳይ የገቢ ማኅተም አስመታን። ይህቺን አደራ እንዳትረሱ! በኋላ የቢሮው ሰዎች "አቤቱታችሁ አልደረሰንም" ሲሉን ያዳነችን እሷ ናት። ድጋሚ ቆጠራ ተደረገ፤ ጉድጓዱም ዛፉም ገባ።