አይፎን ወይስ አንድሮይድ? ጅማ ላይ ስልክ ከመግዛታችሁ በፊት

«የቱ ይሻላል?» የሚለው ክርክር ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ አያልቅም። የካሜራውን ጉዳይ ለጓደኞቻችሁ ተዉት። ሁለቱም ፎቶ ያነሳሉ፣ ሁለቱም ቴሌግራም ይከፍታሉ፣ ቴሌብርም በሁለቱም ይሠራል። ልዩነቱ የሚታየው ስልኩ ሲሰበር፣ ሲቆለፍና መብራት ሲጠፋ ነው። እኔም ከዚያው ነው የምጀምረው።

1. መጀመሪያ ብሩን ቁረጡ

የምታወጡትን ብር ወስኑ። ከእሱ ላይ የመሸፈኛና የደህና ቻርጀር ዋጋ ቀንሱ። የቀረው ነው የስልኩ ብር።

አፕል ኢትዮጵያ ውስጥ የራሱ ሱቅ የለውም። አይፎን የሚገባው በነጋዴና በመንገደኛ እጅ ነው፤ ብዙው ደግሞ ያገለገለ ነው። ቴክኖ በበኩሉ አገር ውስጥ ስልክ መገጣጠም ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ ብራችሁ ትንሽ ከሆነ ምርጫው «አዲስ አንድሮይድ ወይስ ያረጀ አይፎን» ይሆናል። እኔን ከጠየቃችሁኝ አዲሱን አንድሮይድ። «ብቻ አይፎን ይሁን» ብሎ አይፎን 7 ወይም 8 መግዛት ለስሙ መክፈል ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጡት አይፎን 8 እና አይፎን ኤክስ አይኦኤስ (የአይፎን ሲስተም) 16 ላይ ቆመዋል። በ2025 የወጣው አይኦኤስ 26 ደግሞ ከአይፎን 11 በታች አይጫንም። ከ11 አትውረዱ። ከወረዳችሁ ዛሬ የሚከፈተው የባንክ አፕ ነገ «ስልክዎ አይደግፍም» ሲላችሁ እንዳትገረሙ።

አንድሮይድም ቢሆን አንድ አይደለም። ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ 24 ጀምሮ ለዋና ስልኮቹ የ7 ዓመት አፕዴት ቃል ገብቷል። ርካሾቹ ግን ብዙ አይቆዩም፤ ሞዴሉን ጠቅሳችሁ ጠይቁ።

2. የስክሪኑን ዋጋ ከጠጋኙ ስሙ

ስልኩን ሳትገዙ እዚሁ ጅማ መርካቶ ወይም ሄርማታ ካሉት ጥገና ቤቶች ወደ አንዱ ግቡ። «የዚህ ሞዴል ስክሪን ስንት ነው? አሁን እጅህ ላይ አለ?» በሉት። ሻጩን አትጠይቁ፣ እሱማ ሁሉም አለ ይላል። የቴክኖና የሳምሰንግ ኤ ስክሪን እዚሁ ይገኛል። ለአይፎን ኦሪጅናል ከፈለጋችሁ ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ይታዘዛል። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፣ ዋጋውም እንደ መንገዱ ነው።

ዝናቡንም አስቡት፤ ጅማ ክረምትን ጠብቆ አይዘንብም። አይፎን 11 ውሃ የሚቋቋም ተብሎ ነው የተሠራው። አንዴ ለጥገና ከተከፈተ ግን የጠርዙ ማጣበቂያ እንደ ቀድሞው መሆኑን ማንም አያረጋግጥላችሁም። መከፈቱን ለማየት «ሴቲንግ»፣ ከዚያ «ጀነራል»፣ ከዚያ «አባውት» ግቡ። «አንኖውን ፓርት» የሚል ካያችሁ የተቀየረ ዕቃ አለበት። ያ ብቻውን ስልኩን አያስጥልም፤ ዋጋውን ግን ማስቀነስ አለበት።

3. የዕለት ተዕለቱን ነገር እዚያው ሞክሩ

ሙዚቃና ፊልም በሜሞሪ ካርድ የምታስሞሉ ከሆነ አይፎን ይቅርባችሁ። የካርድ ቦታ የለውም። ከጓደኛ አንድሮይድ በብሉቱዝ ፋይል አይቀበልም። በዜንደር የተላከለትን የአንድሮይድ አፕም አይጭንም።

ጽሑፍ ላይ፣ በአፋን ኦሮሞ የምትጽፉ በቁቤ ስለሆነ የትኛውም ስልክ ይሆናችኋል። ለአማርኛ አንድሮይድ ላይ ጂቦርድ በነፃ አለ። አይፎን ላይ ሻጩ ፊት ኪቦርዱን አስጭናችሁ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የጣት ልማድ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ባትሪ፦ ብዙ ርካሽ አንድሮይዶች 5000 ሚሊ አምፒር-ሰዓት (mAh) ይይዛሉ፣ አይፎን 11 ደግሞ 3110። አይፎን በቁጠባ ስለሚሠራ ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም፤ ያገለገለው ግን ደክሟል። አይፎኑ ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ ሥር የሚያሳየው «ባትሪ ሄልዝ» (የባትሪው ጤንነት) ከ80 በመቶ በታች ከሆነ የመቀየሪያውን ዋጋ ደምሩ። አሮጌ ስልክ ላይ 100 በመቶ ካሳየ ደግሞ ደስ አይበላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ተቀይሯል ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ የምትቸገሩ ከሆነ ይህን እንደ ዋና ነጥብ ያዙት።

4. መቆለፊያው

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሰው ብሩን የሚያጣው እዚህ ነው።

አይፎን ውስጥ «ፋይንድ ማይ» የሚባል አለ። እሱ ሲበራ ስልኩ በባለቤቱ አፕል አይዲ ይታሰራል። ፎርማት ቢደረግም ተመልሶ የዚያኑ ሰው ፓስወርድ ይጠይቃል። ስለዚህ «ፎርማት አድርጌዋለሁ፣ ንጹሕ ነው» የሚል ሻጭ ምንም አልነገራችሁም።

እንዲህ አድርጉ። ሻጩ ራሱ ፓስወርዱን አስገብቶ ፋይንድ ማይን ያጥፋ፣ ከአካውንቱም ይውጣ። ከዚያ እናንተ እያያችሁ ሁሉም ነገር ይጥፋ። «ሄሎ» የሚለው ሲመጣ አትክፈሉ፤ ገና ነው። የራሳችሁን ሲም ክተቱ፣ ኢንተርኔት አገናኙና እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ሂዱ። የሌላ ሰው ኢሜይል በኮከብ ተሸፍኖ ከመጣ፣ ወይም «ይህ ስልክ በድርጅት ይተዳደራል» የሚል ከታየ፣ ስልኩን መልሱና ውጡ። «ባይፓስ ይደረግልሃል» (ቁልፉ ያለ ፓስወርድ ይታለፍልሃል) የሚላችሁን አትስሙ። ባይፓስ የተደረገ ስልክ ብዙ ጊዜ አያስደውልም፤ አፕዴት ወይም ፎርማት ሲደረግ ደግሞ መልሶ ይቆለፋል። አፕል ራሱ የሚከፍተው ስልኩ መጀመሪያ የተገዛበት ደረሰኝ ሲቀርብለት ነው። ያ ደረሰኝ ደግሞ ባሕር ማዶ ነው የቀረው።

አንድሮይድም ተመሳሳይ ቁልፍ አለው። ሻጩ የጉግል አካውንቱን ሳያወጣ ስልኩ በግድ ከተፎረመተ የድሮውን ጂሜይል ይጠይቃል።

ሁለተኛው ወጥመድ ከሱቁ ነው የሚመጣው። አዲስ ስልክ ስትገዙ የሱቁ ልጅ «ኢሜይል ልክፈትልህ?» ይላል። ደግነት ነው፤ ግን በራሱ ስልክ ቁጥር ይከፍተውና ፓስወርዱን ካርቶኑ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፍላችኋል። ካርቶኑ ዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል፣ ልጁም ሥራ ይቀይራል። የማውቃት ተማሪ ይህ ደርሶባታል። ስልኳን ስታድስ ማረጋገጫው ኮድ ለማታውቀው ሰው ነበር የሚላከው። አካውንቱን ራሳችሁ ክፈቱ፣ በራሳችሁ ቁጥር፣ ፓስወርዱንም ቤት ደብተር ላይ ጻፉ። ካልቻላችሁ የቤት ልጅ ይርዳችሁ።

5. የቀሩት

*#06# ደውሉና የሚመጣውን ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አመሳክሩ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ አይፎን 14ና ከዚያ በላይ የሲም ካርድ ቦታ እንደሌለው አትርሱ፤ ጎኑን ዳስሱት። ከሌለው መስመራችሁ በኢሲም (ያለ ካርድ ስልኩ ላይ በሚጫን ሲም) ይገባ እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ከኦፕሬተራችሁ ቢሮ ጠይቁ። ስፒከር፣ ማይክ፣ ካሜራ፣ ጣት አሻራ፦ አንድ ደቂቃ ይበቃል።

ዋጋ መከራከሩን አልነግራችሁም፣ የጅማ ሰው ያውቀዋል። ደረሰኝ ስትቀበሉ ግን ባለ 15 አኃዙ ቁጥር እላዩ ላይ ይጻፍላችሁ፣ ስንት ቀን መመለስ እንደሚቻልም ይጨመርበት። በአፍ ብቻ «ችግር የለም፣ እኔ አለሁ» የሚላችሁ ከሆነ ቀጣዩ ሱቅ ግቡ።