ፒኤችፒማይአድሚን አላስገባም ሲል፦ የአድሚን ቅንብር ችግሮችና መፍትሄያቸው

ፒኤችፒማይአድሚን (ዳታቤዝን በብራውዘር የምናስተዳድርበት ፕሮግራም) እምቢ ካለ መጀመሪያ የስህተቱን ቁጥር እዩ። የከለከለው ዌብ ሰርቨሩ አፓቼ ይሁን ፒኤችፒ፣ ራሱ ፒኤችፒማይአድሚን ይሁን ከኋላው ያለው ዳታቤዝ ማይኤስኪዩኤል፣ ብዙ ጊዜ ከቁጥሩ ይታወቃል። ቁጥሩን ሳያነቡ ሁሉንም አራግፎ እንደ አዲስ መጫን አያዋጣም፤ ኡቡንቱ ላይ ፕሮግራሙ ሲራገፍ የዳታቤዙ ፋይሎች ከነተጠቃሚዎቻቸው ዲስኩ ላይ ስለሚቀሩ ችግሩም አብሮ ይቀራል። የትዕዛዝና የፋይል ስሞችን እዚህ በድምፃቸው ጽፈናቸዋል፤ ስትተይቡ በላቲን ፊደል ነው።

ምልክት፦ ገጹ የለም፣ 404

ኡቡንቱ ላይ በአፕት ሲጫን የትኛውን ዌብ ሰርቨር እንደምትጠቀሙ ይጠይቃል። አፓቼ2 የሚለው መስመር ደምቆ ስለሚታይ የተመረጠ ይመስላል፤ አልተመረጠም። ስፔስ ተጭናችሁ ቅንፉ ውስጥ ኮከብ ካላወጣችሁ፣ ኢንተር ምንም ሳይመርጥ ያልፋል። «ሱዶ ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር ፒኤችፒማይአድሚን» ብላችሁ ጥያቄውን መልሳችሁ አስመጡ፣ ኮከቡን አውጡ፣ አፓቼን ሪሎድ አድርጉ። ኢንጂንክስ የተባለው ሌላ ዌብ ሰርቨር ከዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ እሱን የሚጠቀም አድራሻውን በእጁ ያዋቅራል።

ምልክት፦ 1698፣ ሩት (ዋናው አድሚን) መግባት አይችልም

ፓስወርዱ ትክክል ቢሆንም አይገባም፤ ምክንያቱም ኡቡንቱ ላይ የማይኤስኪዩኤል ሩት የሚታወቀው በፓስወርድ ሳይሆን ኦት ሶኬት በሚባል ፕለጊን ነው (የማይኤስኪዩኤል ዘመድ በሆነው ማሪያዲቢ ላይ ዩኒክስ ሶኬት ይባላል)። ፕለጊኑ የሚያጣራው ጥያቄውን ያመጣው የሊኑክስ ተጠቃሚ ማን እንደሆነ ነው። ተርሚናል ላይ «ሱዶ ማይኤስኪዩኤል» ስትሉ ያለ ፓስወርድ የምትገቡት ለዚህ ነው። ፒኤችፒማይአድሚን ግን የሚሠራው በአፓቼ ተጠቃሚ ስም ስለሆነ ሩት ነኝ ቢልም አይታመንም።

«የሩትን ፕለጊን ወደ ፓስወርድ ቀይሩት» የሚል ምክር በየቦታው ታገኛላችሁ። ይሠራል፤ እኛ ግን አንመክረውም። ሩት የሚለውን ስም ሰርቨር የሚሰብር ሁሉ ያውቀዋል፣ የሚቀረው ፓስወርዱን መገመት ብቻ ነው። ይልቅ ሌላ አድሚን ፍጠሩ፦

1. «ሱዶ ማይኤስኪዩኤል» ብላችሁ ግቡ።
2. በ«ክሪኤት ዩዘር» ለመገመት የማይቀል ስም፣ ከአት ምልክቱ በኋላ ሎካልሆስት (ያው ኮምፒውተር ራሱ)፣ ከ«አይደንቲፋይድ ባይ» በኋላ ረጅም ፓስወርድ ስጡ።
3. «ግራንት ኦል ፕሪቪሌጅስ ኦን» ብላችሁ ኮከብ፣ ነጥብ፣ ኮከብ፤ ከዚያ «ቱ»፣ ተጠቃሚው ከነሆስቱ፣ መጨረሻ ላይ «ዊዝ ግራንት ኦፕሽን»።

ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ከተረሳች አድሚኑ ዳታቤዞቹን እንደልቡ ያዝዛል፣ ለሌላ ሰው ፈቃድ መስጠት ግን አይችልም። «ፍላሽ ፕሪቪሌጅስ» ግን አያስፈልግም፤ ግራንት ወዲያው ይሠራል።

ምልክት፦ 1045፣ መጨረሻው ላይ «ዩዚንግ ፓስወርድ፦ ኖ»

አፓቼን፣ ፒኤችፒንና ዳታቤዙን በአንድ ላይ የሚጭነው የዛምፕ ተጠቃሚዎች የሚያውቁት ነው። ዛምፕ ሲጫን ሩት ፓስወርድ የለውም፤ የፒኤችፒማይአድሚን ቅንብር ፋይል በሆነው ኮንፊግ ዶት ኢንክ ዶት ፒኤችፒ ውስጥም ኦት ታይፕ (የመግቢያው ዓይነት) «ኮንፊግ»፣ ፓስወርዱ ባዶ፣ አላው ኖ ፓስወርድ ደግሞ ትሩ ተብሏል። ለዚህ ነው የመግቢያ ገጽ ሳይጠይቅ የሚከፈተው። ለሩት ፓስወርድ ስታወጡለት ፋይሉ ያንኑ ባዶ ይልካል። «ኖ» ማለት ምንም ፓስወርድ አልተላከም ማለት ነው፤ «የስ» ካለ ተልኳል፣ ግን ፓስወርዱ፣ ስሙ ወይም ሆስቱ አልገጠመም።

አዲሱን ፓስወርድ ፋይሉ ላይ መጻፍ ችግሩን ይፈታል፤ ገጹ ግን እንደበፊቱ ፓስወርድ ሳይጠይቅ ይከፈታል። የመግቢያ ገጽ እንዲመጣ ኦት ታይፕን «ኩኪ»፣ አላው ኖ ፓስወርድን «ፎልስ» አድርጉ። ብሎውፊሽ ሲክሬት (ኩኪው የሚመሰጠርበት ቁልፍ) ላይ ዛምፕ የተወውን አጭር ቃል አጥፍታችሁ የዘፈቀደ ሐረግ ተኩ። ከፒኤችፒማይአድሚን ስሪት 5.2 ጀምሮ ርዝመቱ ልክ 32 ባይት መሆን አለበት። በላቲን ፊደልና ቁጥር ጻፉት፤ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ልኩ ይበላሻል።

ምልክት፦ 2002

ዳታቤዙ አልተነሳም ወይም ፒኤችፒማይአድሚን በሚፈልገው በር የለም። «ሲስተምሲቲኤል ስታተስ» ብላችሁ አረጋግጡ፣ ዲስኩም ሞልቶ እንደሆነ እዩ። ሊኑክስ ላይ ሆስቱ ሎካልሆስት ከተባለ የሚፈለገው የሶኬት ፋይል ነው፤ 127.0.0.1 ከተባለ ደግሞ ፖርት 3306። ዛምፕ ላይ ሌላ ማይኤስኪዩኤል ቀድሞ 3306ን ይዞት ሊሆን ይችላል።

ምልክት፦ ሥራ ላይ ሳሉ ያስወጣል

ሳይሠሩ ሲቆዩ የሚያስወጣው የሎግኢን ኩኪ ቫሊዲቲ መነሻ 1440 ሰከንድ፣ ማለትም 24 ደቂቃ ነው። እሱን ብቻ ማሳደግ አይበቃም፤ የፒኤችፒ ቅንብር ፋይል በሆነው ፒኤችፒ ዶት አይኤንአይ ውስጥ ያለው ሴሽን ዶት ጂሲ ማክስ ላይፍታይምም አብሮ ማደግ አለበት።

ምልክት፦ ትልቅ ፋይል አልገባም ይላል

በፒኤችፒ መነሻ ቅንብር አፕሎድ ማክስ ፋይልሳይዝ 2 ሜጋባይት፣ ፖስት ማክስ ሳይዝ 8 ሜጋባይት ነው። ሁለቱንም አሳድጉ፣ ፖስቱ ከአፕሎዱ ይብለጥ። ኡቡንቱ ላይ ፒኤችፒ ዶት አይኤንአይ በሁለት ፎልደር አለ፤ የሲኤልአዩን (የተርሚናሉን) አስተካክሎ ለውጥ መጠበቅ የተለመደ ስህተት ነው፣ የሚነካው አፓቼ2 ውስጥ ያለው ነው። ኢንጂንክስ 413 ካለ ክላየንት ማክስ ቦዲ ሳይዝን አሳድጉ፣ መነሻው 1 ሜጋባይት ነው። በመቶዎች ሜጋባይት ለሚቆጠር ባክአፕ ግን ብራውዘሩን ትታችሁ በተርሚናል አስገቡት።

ምልክት፦ አማርኛው ጥያቄ ምልክት ሆነ

ቴብሉ ወይም ግንኙነቱ የአማርኛ ፊደል በማይይዘው ላቲን1 ኢንኮዲንግ ነው። ዳታቤዝ ስትፈጥሩ ኮሌሽኑን (የፊደል አያያዝ ደንቡን) ከዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ምረጡ፣ ኢምፖርት ስታደርጉም የፋይሉን ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ-8 በሉ። ሴቭ የሆነው ራሱ ጥያቄ ምልክት ከሆነ ፊደሉ ጠፍቷል፤ ኮሌሽን መቀየር አይመልሰውም፣ ከምንጩ ደግሞ ማስገባት ነው። የተምታታ የላቲን ፊደል ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ከገባችሁ በኋላ

ሩት እንዳይገባ ኮንፊግ ዶት ኢንክ ዶት ፒኤችፒ ውስጥ አላው ሩትን «ፎልስ» አድርጉ። የአፓቼው ፋይል ላይ በ«ሪኳየር አይፒ» ከቢሯችሁ አድራሻ ውጭ ያለውን ዝጉ፣ ኤችቲቲፒኤስም አብሩ። አድራሻችሁ በየጊዜው የሚቀያየር ኢንተርኔት ከሆነ በአይፒ መዝጋቱ እናንተንም ስለሚያስቀር በኤስኤስኤች ታነል (ወደ ሰርቨሩ በሚወስድ የተመሰጠረ መስመር) መግባት ይሻላል። ከሪሎድ በፊት «አፓቼ2ሲቲኤል ኮንፊግቴስት» በሉ፤ «ሲንታክስ ኦኬ» ካላለ ሪሎድ አታድርጉ።