የሶላር ፓምፕ ድራይቭ ሲያስቸግር፦ መጀመሪያ ሰዓቱን ይጠይቁ

በአዳማ ዙሪያ፣ በወንጂና በአዋሽ ዳር የሽንኩርት እርሻዎች የሚሠራ ድራይቭ (የፓኔሉን ኃይል ለፓምፑ ሞተር የሚያስማማው መሣሪያ) ሲቆም ቀድሞ የሚሰማው «ሙቀት በላው» ነው። ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ቦርዱን ከመፍታትዎ በፊት ባለእርሻውን «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚቆመው?» ብለው ይጠይቁት።

ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ኦቨርቮልቴጅ ብሎ የሚቆም፣ ቀትር ላይ ግን ደህና የሆነ

ይህ የብርድ ችግር ነው። ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይጨምራል። ያለ ጭነት 49.5 ቮልት የሚሰጡ 16 ፓኔሎች በተከታታይ ቢታሰሩ በ25 ዲግሪ 792 ቮልት ነው። በዲግሪ 0.27 በመቶ ከጨመረ፣ በጥር ጠዋት ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ 824 ይደርሳል። የድራይቩ ጣሪያ 800 ከሆነ መቆሙ ትክክል ነው። አንድ ፓኔል ይቀንሱ፤ 15ቱ በዚያው ብርድ 773 ገደማ ይሰጣሉ። በሜኑ ገብቶ ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ግን ጥፋት ነው። ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ብዙ ጊዜ ሁለት ባለ 400 ቮልት በተከታታይ ናቸው፤ አብረው የሚችሉት 800 ብቻ ነው።

ከ7 እስከ 9 ሰዓት ቆሞ፣ ሲቀዘቅዝ ራሱ የሚነሳ

አሁን ሙቀት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አይጂቢቲው (ለሞተሩ ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋው ትራንዚስተር) 25 ዋት ቢያባክን፣ ከቺፕ እስከ አየር ሙቀት እንዳይወጣ ያለው መከላከል በዋት 3 ዲግሪ ቢሆን፣ ፀሐይ ላይ የቆመው ሳጥን ውስጡ 60 ዲግሪ ቢሆን፣ ቺፑ 135 ላይ ነው። በቺፑና በሂትሲንኩ (ሙቀት በሚበትነው ባለ ክንፍ ብረት) መካከል ያለው ቴርማል ፔስት ደርቆ መከላከሉን በ0.7 ብቻ ቢጨምር 152.5 ይሆናል፤ የብዙዎቹ ጣሪያ 150 ነው። የደረቀውን ፔስት በአልኮል ያጥቡ፣ አዲሱን በስሱ ይቀቡ (ወፍራም ፔስት ራሱ ሙቀት ያግዳል)፣ ብሎኖቹን በዲያጎናል እያፈራረቁ ያጥብቁ። በሂትሲንኩ ክንፎች መካከል የገባውን አቧራ ይንፉ፤ ሳጥኑንም ጥላ ሥር ያድርጉት። አዳማ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። ስስ አየር የማቀዝቀዝ አቅሙ ያንሳል፤ ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ መቀነስ የተለመደ ስለሆነ፣ ባለ 7.5 ኪሎዋቱን እንደ 7 ይቁጠሩት።

አዲስ አይጂቢቲ ተገጥሞ ወዲያው የሚፈነዳ

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። አይጂቢቲ በደንብ የሚከፈተው ጌቱ (የትእዛዝ እግሩ) 15 ቮልት ገደማ ሲያገኝ ነው። ጌቱን በሚያዘው አይሲ (ጌት ድራይቨር) አጠገብ ያለችው ትንሽ ካፓሲተር ከደረቀች ቮልቴጁ ወደ 11 ይወርዳል፤ ያን ጊዜ አይጂቢቲው በግማሽ ተከፍቶ ራሱን ያቃጥላል። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የካፓሲተር ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳልና ባለ 85 ዲግሪውን በባለ 105 ይተኩ። ድራይቨር አይሲውንም አብረው ይቀይሩ፤ አይጂቢቲ ሲፈነዳ የባሱ (ከፓኔሎቹ የሚመጣው የዋናው ዲሲ መስመር) ቮልቴጅ በጌቱ በኩል ወደ እሱ ይመለሳል። የጌት ሬዚስተሩንና ዜነሩን (ጌቱን ከትርፍ ቮልቴጅ የሚጠብቀውን ዳዮድ) ይለኩ።

ከዚያ በቀጥታ ኃይል አይስጡት። ሞተሩን ነቅለው በፖዘቲቩ መስመር ላይ ሦስት ባለ 220 ቮልት፣ ባለ 100 ዋት አምፖሎችን በተከታታይ ያስገቡ (የኤልኢዲ አምፖል አይሆንም)። ብልጭ ብለው ቢጠፉ ደህና ነው። በርተው ከቀሩ ሾርት አለ፤ አምፖሎቹ ከረንቱን ስለሚገድቡት ግን አዲሱ አይጂቢቲ ወዲያው አይፈነዳም። ቦርዱን ከመንካትዎ በፊት አጥፍተው 10 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ባሱንም በሜትር ይለኩ። የቦርዱ አመልካች መብራት ጠፋች ብለው አይመኑ።

ሲሞቅ የሚደነዝዝ፣ ኃይል ካልተቋረጠ የማይነቃ

ይህ ላችአፕ (መቆጣጠሪያ ቺፑ ውስጥ ተከፍቶ ኃይል እስኪቋረጥ የማይዘጋ ሾርት) ሊሆን ይችላል። በሲሊከን ውስጥ የሚሾልከው ከረንት በየ10 ዲግሪው በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። በሞቀ ቺፕ ላይ ከሴንሰር ሽቦ የመጣ ስፓይክ በቺፑ አሠራር ውስጥ የተደበቀውን ታይሪስተር (አንዴ ከተከፈተ የማይዘጋ ስዊች) ይከፍተዋል። ሴንሰር መስመሩ ላይ 1 ኪሎኦም ሬዚስተርና ስፓይኩን የሚቆርጥ ክላምፕ ዳዮድ ያስገቡ፤ ሽቦውንም ከሞተሩ ኬብል ያርቁ። ቦርዱን ራስዎ የሚነድፉ ከሆነ፣ ትራንዚስተሮቹን በኦክሳይድ ሽፋን የሚለየው የኤስኦአይ ቺፕ ከ200 ዲግሪ በላይ ሊሠራ ይችላል፣ ላችአፕም አያውቀውም፤ ዋጋው ግን ለፓምፕ አይመከርም። ለ60 ዲግሪ ሳጥን የመኪና ደረጃ ያለው ባለ 125 ዲግሪ ቺፕ በቂ ነው።

በከፍተኛ ቮልቴጅ ፓዶች (የቦርዱ መበየጃ ነጥቦች) መካከል ጥቁር መስመር ካዩ በአልኮል ማጠብ አይበቃም። የተቃጠለው ቦርድ ከሰል ሆኗል፣ ራሱ ያስተላልፋል። ንጹሕ ፋይበር እስኪታይ ይፋቁት፣ በፓዶቹ መካከል ስንጥቅ ይቁረጡ፣ ደርቆ ሲያበቃ ቫርኒሽ ይቀቡት።